የሞለኪውል ቅርጽ ከቀመሩ ላይ አይነበብም

እዚህ ጅማ የመሰናዶ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ሳስተምር ከምሰማቸው ስህተቶች ሁሉ የሚያሰለቸኝ «ቀመራቸው የሚመሳሰል ሞለኪውሎች ቅርጻቸውም አንድ ነው» የሚለው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቶ ከሚሸጥ ሾርት ኖት ላይ ቦሮን ትሪፍሎራይድ፣ አሞኒያና ክሎሪን ትሪፍሎራይድ በአንድ ረድፍ ተደርድረው፣ ከጎናቸው «ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ከሦስቱ ትክክል የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ጊሌስፒና ናይሆልም በ1957 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ቅርጽን የሚወስነው በማዕከላዊው አቶም ዙሪያ ያሉት የኤሌክትሮን ጥንዶች፣ ቦንድ የፈጠሩትም ሆኑ ሎን ፔር የምንላቸው ያልተሳሰሩት፣ በተቻለ መጠን ተራርቀው መቀመጣቸው ነው። እንግዲህ መቁጠር ነው። ቦሮን የራሱን 3 የውጨኛ ቅርፊት ኤሌክትሮኖች ይዞ ከፍሎሪኖቹ 3 ሲጨመርለት 3 ጥንድ ይኖረዋል፤ ሎን ፔር ስለሌለው በ120 ዲግሪ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ናይትሮጅን ግን 5 ይዞ ስለሚነሣ 4 ጥንድ ያገኛል፣ አንዱም ሎን ፔር ነው። ክሎሪን ከ7 ተነሥቶ 5 ጥንድ ላይ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሎን ፔር በመሆናቸው ሞለኪውሉ የላቲን ፊደሏን ቲ ይመስላል።

አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ይህን ሁሉ በትክክል ቆጥራ ስታበቃ «አሞኒያ ቴትራሄድራል ነው» ብላ ጻፈች። ቴትራሄድራል፣ ማለትም ወደ አራት ጫፎች እኩል የተዘረጋ፣ የሆነው የጥንዶቹ አቀማመጥ ነው፤ የሞለኪውሉ ስም የሚወጣው ግን አቶሞቹ ካሉበት ቦታ ብቻ ነው። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቢ አልኳት፤ ናይትሮጅኑ መቀመጫው፣ ሃይድሮጅኖቹ እግሮቹ፣ ሎን ፔሩ ደግሞ ከላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ የዕቃውን ቅርጽ ስንናገር ሰውየውን አንቆጥርም። ሎን ፔር ከቦንድ ጥንድ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝም እግሮቹን ገፍቶ ያቀራርባቸዋል፤ 109.5 ዲግሪ ይሆን የነበረው ማዕዘን ወደ 107 ገደማ ይወርዳል።

«ድርብ ቦንድ እንደ ሁለት ይቆጠራል» የሚሉም አሉ። አይቆጠርም፤ ሁለቱ ጥንዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ እንደ አንድ ይወሰዳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚቴን ሰሌዳ ላይ እንደ መስቀል ስለተሳለ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው ማለትም ያው ስህተት ነው፤ አቶሞችንና የኤሌክትሮን ጥንዶችን በፊደል፣ በመስመርና በነጥብ የሚያሳየው የሉዊስ ሥዕል ማን ከማን እንደተሳሰረ እንጂ ቅርጽን አያሳይም።

«ሎን ፔር ያለው ሞለኪውል ሁልጊዜ ጎባጣ ነው» ለሚል ዜኖን ዳይፍሎራይድ በቂ መልስ ነው፤ ሦስት ሎን ፔር እያለው እነርሱ ወገቡን ዙሪያውን ስለሚይዙ ሁለቱ ፍሎሪኖች ከላይና ከታች በ180 ዲግሪ ይቀመጣሉ።

በመጨረሻም ዘዴው ማዕዘንን በትክክለኛ አኃዝ ይሰጣል ብሎ የሚያምን ውሃንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ያነጻጽር። የጥንዶቻቸው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ የውሃ ማዕዘን ግን 104.5፣ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ 92 ገደማ ነው። ቆጠራው ሁለቱም ጎባጣ መሆናቸውንና ማዕዘናቸው ከ109.5 ማነሱን ይነግረናል፣ ምን ያህል እንደሚያንስ ግን በልኬት የሚገኝ ነው። ስለዚህ የተለካው አኃዝ ካልተሰጣችሁ «ከ109.5 ያነሰ» ብላችሁ ጻፉ፤ የውሃን 104.5 ለሁሉም አታድሉ።