በስልክ መተዋወቅ፣ በስልክ መነገድ፦ የባሕር ዳር የማኅበራዊ ሚዲያ ንግድና ወጉ

ባሕር ዳር የአማራ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ተቆርቁራለች። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይህ ርቀት ለከተማዋ ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። አስመጪውም ትልልቁ ጅምላ አከፋፋይም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ድሮ ሰው ለመተዋወቅ አውቶቡስ መሳፈር ነበረበት፤ ካልሆነም የሚያገናኘው ዘመድ መፈለግ። ዛሬ ብዙው ትውውቅ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በዋትስአፕ ይጀመራል።

ግሩፕ መክፈት ማንም ይችላል። ሰው አምኖ ብር የሚልክበት ግሩፕ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። የሻጩም የገዢውም የአድሚኑም ጨዋነት ይጠይቃል።

የትኛው ለምን

ለንግድ ሥራ ቀዳሚው ቴሌግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተጀመረው። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ የቻናል ተከታይ ግን ገደብ የለውም። ቻናል ላይ የሚለጥፉት ባለቤቱና እሱ የሾማቸው አድሚኖች ብቻ ናቸው። ግሩፕ ላይ ሁሉም ይናገራል። ስለዚህ ሻጮች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይከፍታሉ፤ ዕቃው ቻናሉ ላይ ይወጣል፣ ጥያቄና ወሬው ግሩፑ ላይ ይሆናል።

ፌስቡክ ላይ ሆቴሎች፣ ቤት አከራዮችና ውጭ አገር ያሉ የከተማዋ ልጆች ይገኛሉ። ቲክቶክ ማሳያ ነው፤ የጀልባ ጉዞ፣ የዓሣ ጥብስ፣ አዲስ የተከፈተ ካፌ። ዋትስአፕን በብዛት የሚጠቀሙት ከውጭ ቱሪስቶች ጋር የሚሠሩ አስጎብኚዎች ናቸው። ሊንክድኢን የተማረው ሰው መንደር ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 ፖሊ ቴክኒኩንና የመምህራን ኮሌጁን አዋህዶ ከተመሠረተ ጀምሮ ብዙ ምሩቃን አፍርቷል። እነሱም ሥራ፣ የትምህርት ዕድልና የምርምር አጋር እዚያ ይፈልጋሉ።

ክፍያውን ያቀለለው የሞባይል ገንዘብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጣ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ቤት ሳይሄዱ ገዝቶ መክፈል የተለመደ ሆኗል።

ከሐይቁና ከዙሪያው ምን ይሸጣል

የጣና ዓሣ ሲባል በዋናነት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ዓሣ ቀን አይሰጥም። ጠዋት የወጣው ካልተሸጠ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ከምግብ ቤቶች ጋር በስልክ የተሳሰረ ሻጭ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲበዛ። ጥሩ ዓሣ ሻጭ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ሙሉ ነው ወይስ ፊሌቶ፣ መቼ እንደወጣ። ሦስተኛውን የሚዘል ሻጭ እኔን አያሳምነኝም።

የዘጌ ቡናም እንዲሁ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ጥንታዊ ገዳማት አሉበት። በቆየው ሥርዓት መሬቱ አይታረስም። ቡናውም በጫካው ጥላ ሥር ይበቅላል። ስሙ ስለሚሸጥ ከሌላ ቦታ የመጣ ቡና «የዘጌ ነው» ብሎ መለጠፍ ይቀናል። ይህ ገዢውን ብቻ ሳይሆን የዘጌን ገበሬ ይጎዳል። ጥሬ፣ የተቆላ ወይስ የተፈጨ መሆኑን፣ ከማን እንደተገዛም ጭምር መናገር የሻጩ ግዴታ መሆን አለበት።

ጤፍ፣ ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬና የሐበሻ ልብስም አሉ። አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ ዕቃው ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ ይላካል። ላኪው የመኪናውን ታርጋ፣ የሹፌሩን ስልክና የመነሻውን ሰዓት ጽፎ ለተቀባዩ ያሳውቃል። ይህን ሳያደርጉ «ልኬዋለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

«ዋጋ በውስጥ»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርረው ይህን ነው። ፎቶው አለ፣ ስልኩ አለ፣ ዋጋው የለም። «ስንት ነው?» ሲባል «በውስጥ አናግሩኝ» ይመጣል። ሻጮች ምክንያት አላቸው። ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ተፎካካሪ አይቶ ዝቅ ያደርጋል። ለብቻ ሲነጋገሩ ደግሞ ለመደራደር ይመቻል። ቅዳሜ ገበያ ላይም ቢሆን ዋጋ ጠይቀው ነው እንጂ ተለጥፎ አያገኙትም።

ቢሆንም ገበያ ላይ ዕቃውን ዳስሰው፣ ሻጩን አይተው፣ ቀጥሎ ያለውንም ጠይቀው ይወስናሉ። ስልክ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ዋጋው ሲደበቅ ገዢው «እኔን አይቶ ሊጨምርብኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ከውጭ አገር የሚጠይቅ ሰው ሌላ ዋጋ ሲነገረው ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ዋጋው ቢቀያየር ቀኑን ጠቅሶ «የዛሬ ዋጋ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ድርድር ካለም «መጠነኛ ቅናሽ አለው» ማለት ይበቃል። ዋጋ የሚጽፍ ሻጭ ተደጋጋሚ ጥያቄ ይቀንስለታል፣ የሚደውልለትም ለመግዛት የቆረጠ ሰው ይሆናል።

የቤት ኪራይ ላይ ችግሩ ይብሳል። አንድ ቤት በአምስት ደላላ፣ በአምስት ዋጋ ይለጠፋል። ደላላ መሆን ነውር የለውም፤ ሰው አገናኝቶ ኮሚሽን መቀበል የቆየ ሥራ ነው። ነውሩ ደላላ ሆኖ «ባለቤቱ ነኝ» ማለት ነው። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍለውም ከመጀመሪያው መነገር አለበት።

ቀብድና ስክሪንሹት

ማጭበርበሩ በሁለቱም በኩል ነው። ሐሰተኛ ሻጭ ከሌላ ቻናል ፎቶ ወስዶ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ ገዢውን ብሎክ ያደርጋል። ሐሰተኛ ገዢ ደግሞ የተቀነባበረ የክፍያ ስክሪንሹት ይልካል። ስክሪንሹት ማስረጃ አይሆንም። ብሩ መግባቱ የሚታወቀው የራስን ሂሳብ ከፍቶ ሲታይ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ሲታይ መጠንቀቅ ይገባል። ይህን ማጣራት ደንበኛን መናቅ አይደለም፤ ጨዋ ገዢም አይከፋበትም።

ለገዢው ደግሞ ጥሩው መንገድ ባሕር ዳር ያለ የሚያውቀው ሰው ዕቃውን አይቶ እንዲረከብለት ማድረግ ነው። ግሩፕ ላይም «ከዚህ ሰው የገዛ አለ?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። የሚመልስ ሰው ግን የሚመሰክረው የራሱን ነገር ብቻ ይሁን። ያልገዛውን ዕቃ ለጓደኛ ሲል ማወደስ የሰው ብር ያስበላል።

ተጭበርብሮ የተናደደ ሰው የሻጩን ፎቶ፣ መታወቂያና የቤት አድራሻ ግሩፕ ላይ ሲበትን ይታያል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ፎቶው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አጭበርባሪ በራሱ ፊት አይሠራም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። መልእክቶቹንና የክፍያ ደረሰኙን ይዞ ፖሊስ ዘንድ መሄድ፣ ለአድሚኑም አካውንቱን ማሳወቅ ይሻላል።

አነጋገር

የማያውቁትን ሰው «እርስዎ» ብሎ መጀመር አያሳፍርም። ዕድሜው ከፕሮፋይል ፎቶ አይታወቅም፤ ጽጌረዳ ለጥፎ የተቀመጠው ሰው የስድሳ ዓመት ነጋዴ ሊሆን ይችላል። «ወንድሜ» እና «እህቴ» ነገሩን ያለዝባሉ። «ሃይ» ብሎ ጽፎ ዝም ማለት ግን ሥራ ላይ ያለን ሰው ያሰለቻል። ሰላምታውንና ጥያቄውን በአንድ መልእክት መላክ ጥሩ ነው። ሊንክድኢን ላይም ማን እንደሆኑና ለምን እንደጻፉ በሁለት መስመር መናገር ይገባል።

የድምፅ መልእክት መጻፍ ለሚከብደው ሻጭ ትልቅ በረከት ነው። ለሌላው ግን አጭር ቢሆን፤ ዋጋና ስልክ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ በጽሑፍ ይሁን።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጀልባ ጉዞ ለ«3 ሰዓት» ሲቀጠር የባሕር ዳሩ ሰው ጠዋት ይጠብቃል። ቱሪስቱ ከቀትር በኋላ፣ በእኛ 9 ሰዓት ላይ ይመጣል። «ከጠዋቱ 3፣ በውጭ አቆጣጠር 9» ብሎ መጻፍ ጀልባውንም ቀኑንም ያድናል።

ሰውን ሳይጠይቁ ግሩፕ ውስጥ መክተት፣ በሌላ ሻጭ ፖስት ሥር የራስን ዕቃ መለጠፍ፣ አንድን ማስታወቂያ በቀን አሥር ጊዜ መደጋገም፦ እነዚህ ሁሉ ያስጠላሉ። ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባዎት እንደሚችል በቴሌግራም ሴቲንግ መገደብ ይቻላል።

አድሚኑ

ጥሩ አድሚን ደንቡን ፒን አድርጎ ያስቀምጣል። ፖለቲካና ሃይማኖታዊ ክርክር በንግድ ግሩፕ እንዳይነሳ ይከለክላል። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ የሚያሠራጭን ሰው በጠና ይቀጣል። ለቅሶ ሲነገር ደግሞ «ነፍስ ይማር» በሚሉት መሃል የጫማ ማስታወቂያ መለጠፍ ከባድ ነውር ነው። ቴሌግራም ላይ ግሩፑን ለጥቂት ሰዓት ዘግቶ አድሚኖች ብቻ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቅማል።

ትስስሩ ከንግድም ያልፋል። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ በኋላ ብዙ ወጣት ለነቀላ የተጠራራው በፌስቡክ ነበር። እንዲህ ባለ ጥሪ ላይ ብር የሚሰበስብ ሰው የገባውንና የወጣውን እዚያው በይፋ ማሳየት አለበት። የአምና ፎቶ «የዛሬ ነው» ተብሎ ሲለጠፍ ለሐይቁ የሚቆረቆረው ሰው ሳይቀር እምነቱን ያጣል።

ዳታ ሲቋረጥ

በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራትም አልተመለሰም። በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ያለው ቻናል ለባለቤቱ የማይከፈት ሆነ። የተረፈው የስልክ ጥሪ፣ የጽሑፍ መልእክትና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የቴሌብር *127# ነበር። የደንበኞቹን ስልክ በደብተር ጽፎ የያዘ ሻጭ እየደወለ መሥራት ቻለ። ደንበኞቹን በቴሌግራም ስማቸው ብቻ የሚያውቅ ግን የሚደውልበት ቁጥር እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ፈቃዱን ጠይቆ ስልኩን መመዝገብ፣ የራስንም ቁጥር በየፖስቱ ግርጌ መጻፍ በዚህ ከተማ የሥራው አንድ ክፍል ነው።