ፋየር ዲስትሪክት ምንድን ነው?

አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት ከሲያትል ወጣ ብሎ ገጠር ቀመስ ቦታ ላይ ቤት ገዛ። ሰፊ ግቢ፣ ረጃጅም ጥድ፣ የጎረቤት ኮቴ የማይሰማበት ሰፈር። የካቲት ላይ የንብረት ግብሩ ወረቀት መጣለትና ደወለልኝ።

«ስማ እንጂ፣ ይሄ ፋየር ዲስትሪክት የሚሉት ነገር ምንድን ነው? 540 ዶላር ጽፈውብኛል። እኔ እሳት አደጋ ጠርቼ አላውቅ!»

ሳቄ መጣ። እኔም ወረቀቱን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ፋየር ዲስትሪክት ማለት ለእሳት አደጋ ሥራ ብቻ የተቋቋመ ትንሽ መንግሥት ነው። የራሱ ወሰን አለው። ሕዝብ የመረጣቸው ኮሚሽነሮች አሉት። ግብር የመጣል ሥልጣን አለው። ከንቲባ የለውም፣ መንገድ አይጠግንም፣ ቆሻሻ አያነሳም። እሳት ያጠፋል፣ የታመመ ሰው ጋ ይደርሳል፣ በቃ። እንዲያውም አብዛኛው ጥሪ የሕክምና ነው፤ ልቡን የያዘው ሰው፣ ደረጃ ላይ የወደቁ እናት።

ከተማ ውስጥ ስትኖር ይህን አታስበውም። ሲያትል የራሷ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አላት። እሱም ከአመድ የተወለደ ነው። በ1889 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ጁን 6 ቀን፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የተጣደ ማጣበቂያ ገንፍሎ እሳት ተነሳ። በጎ ፈቃደኞቹ ቱቦ ዘረጉ፣ ግን የውሃው ግፊት ወደቀ። የከተማዋ መሀል ነደደ። በዚያው ዓመት ሲያትል ደሞዝተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀጠረች።

ከከተማው ወሰን ከወጣህ ግን እሳት አደጋ የሚባል ነገር በራሱ አይገኝም። ካውንቲው፣ እንደ አውራጃ ያለው አስተዳደር፣ ሸሪፍ አለው፣ መንገድ ይሠራል፤ የቤት እሳት ማጥፋት ግን በተለምዶ የእሱ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ ወሰን አስምረው ዲስትሪክት ያቋቁማሉ። ይህን ያላደረጉ ቦታዎች ዛሬም አሉ። በዋሽንግተን ስቴት ምሥራቃዊ ክፍል ማንም እሳት አደጋ ኃላፊነት ያልወሰደበት መሬት ይገኛል። እዚያ ቤትህ ቢቃጠል 911 ስልኩን ያነሳል፤ የሚልከው መኪና ግን ላይኖረው ይችላል።

ለወዳጄ ያስረዳሁት በእድር ነው። «የሰፈር እድር በለው» አልኩት። በየወሩ ታዋጣለህ፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል። ሐዘኑ ሲደርስ ነው እንግዲህ መዋጮ ልጀምር ብትል የእድሩ ዳኛ አይሰማህም። ዲስትሪክቱም እንዲሁ ነው። መኪናው፣ ቱቦው፣ ጣቢያው፣ ሥልጠናው እሳቱ ሳይነሳ በፊት መገዛት አለበት። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ከእድር መውጣት ትችላለህ፣ ከዲስትሪክቱ አትወጣም። ወሰኑ ውስጥ ንብረት ካለህ ትከፍላለህ።

ወዳጄ ይህ ግዴታ አልጣመውም። «የፈለገ ይክፈል፣ ያልፈለገ ይቅርበት» አለ። ይሄ ሐሳብ ተሞክሯል። የሆነውን ልንገርህ ብዬ የቴነሲውን ታሪክ ነገርኩት።

ኦባየን ካውንቲ የሚባል ቦታ ነው። ካውንቲው ሁሉንም ገጠር የሚሸፍን እሳት አደጋ አልነበረውም። ሳውዝ ፉልተን የተባለችው ትንሽ ከተማ ከወሰኗ ውጭ ላሉ ሰዎች «በዓመት 75 ዶላር ከከፈላችሁ እንመጣለን» ትል ነበር። በ2010 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ያልከፈለ አንድ ሰው ቤት ውስጥ እሳት ተነሳ። ሰውየው 911 ደወለ። የፈለጋችሁትን ያህል እከፍላለሁ፣ ብቻ ኑ አለ። ዝርዝር ውስጥ የለህም ተባለ። እሳቱ ወደ ጎረቤት መሬት ሲዛመት መኪናው መጣ፤ ጎረቤቱ ከፍሎ ነበርና። የጎረቤቱን ንብረት አዳኑ። የሰውየው ቤት ከውሾቹና ከድመቱ ጋር አመድ ሲሆን ቆመው አዩ።

አሜሪካ በሙሉ ተንጫጫ። የከተማዋ ክርክር ግን ዝም ብሎ የሚጣል አልነበረም። እሳቱ በተነሳ ቀን 75 ዶላር ከፍሎ መዳን ከተቻለ፣ እሳት ሳይነሳ ማን ይከፍላል? ከመቶ ቤት አንዱ ብቻ ቢከፍል ደግሞ መኪናው ራሱ አይኖርም። ሒሳቡ ልክ ነው። የሚያምመው ነገር ሌላ ነው። በእኛ አገር ከእድር የወጣ ሰው ድንኳኑ ይቀርበታል እንጂ ለቀስተኛ አይቀርበትም። ሰው ቆሞ አያይም። እኔ የቴነሲው ጥፋት ሰዎቹ ጨካኝ በመሆናቸው ነው ብዬ አላምንም። ክፍያውን በፈቃድ ስታደርገው የሆነ ቀን አንዱ ቆሞ እንዲያይ ታዛለህ። ግዴታ የሆነ ግብር የእሳት አደጋውን ሠራተኛ ከዚህ ያድነዋል። ዝርዝር ማየት አያስፈልገውም፣ ይሄዳል።

አሁን ወደ 540 ዶላሩ እንመለስ። በዋሽንግተን ስቴት አንድ ፋየር ዲስትሪክት ለእሳት አደጋ ሥራው ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የንብረት ግምት ቢበዛ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሰብሰብ ይችላል። የወዳጄ ቤት 450,000 ዶላር ተገምቷል። ዲስትሪክቱ የሚያስከፍለው 1 ዶላር ከ20 ነው። 450 ሲባዛ በ1.20፣ 540። ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ ለብቻው የሚጻፍ ሌላ መስመር አለ፤ እሱ ጣሪያው 50 ሳንቲም ነው። ሁሉም ከግብሩ ወረቀት ጋር አብሮ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር መጨረሻ በሁለት ይከፈላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። «የቤት ዋጋ በእጥፍ ጨመረ፣ ስለዚህ ዲስትሪክቱ በገንዘብ ተንበሸበሸ» ይባላል። አልተንበሸበሸም። ሕጉ ዲስትሪክቱ ከነባር ንብረት የሚሰበስበው ጠቅላላ ገንዘብ ያለ ሕዝብ ድምፅ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይከለክላል። አምና 2 ሚሊዮን የሰበሰበ ዘንድሮ 2 ሚሊዮን ከ20 ሺህ ነው፣ አዲስ የተሠሩ ቤቶች ሲጨመሩበት ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል። የሁሉም ቤት ዋጋ በአንድ ላይ በእጥፍ ቢጨምር፣ ያ 1 ዶላር ከ20 ወደ 60 ሳንቲም ገደማ ይወርዳል። ነዳጁ፣ ደሞዙ፣ የመኪናው ዋጋ ግን 1 በመቶ የሚባል ነገር አያውቁም። ዛሬ አንድ አዲስ የእሳት አደጋ መኪና ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል።

ክፍተቱ ሲሰፋ ዲስትሪክቱ ወደ ሕዝቡ ይመጣል። በምርጫ ወረቀት ላይ «ሌቪ ሊድ ሊፍት» የሚል ነገር ካየህ ይሄ ነው፤ ከ1 በመቶው በላይ እንድንሰበስብ ፍቀዱልን ማለት ነው። በተራ አብላጫ ድምፅ ያልፋል። ሌላም መንገድ አለ፣ «ቤኔፊት ቻርጅ» ይባላል። እሱ የቤቱን ዋጋ ሳይሆን ስፋቱንና አገልግሎቱን ያያል። ግዙፍ መጋዘን ቢቃጠል ብዙ ሰውና ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ ብዙ ይክፈል ነው ነገሩ። ለመጀመር 60 በመቶ ድምፅ ይጠይቃል። የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታም አለ፤ ለልብስና ለመሣሪያ፣ አንዳንዴም ለሠራተኛ ቅጥር። ግን ማመልከቻውን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል፣ በየዓመቱም አይገኝም። የቀረውን የፓንኬክ ቁርስ ይሞላዋል። እውነቴን ነው፤ በየገጠሩ እሑድ ጠዋት ጣቢያው ውስጥ ፓንኬክ ተጋግሮ ለጓንትና ለባትሪ የሚሆን ይሰበሰባል።

ገንዘቡ ይሄ ነው። ሰዎቹስ?

በአሜሪካ ካሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መካኒክ፣ አስተማሪ፣ ገበሬ። ወገባቸው ላይ ፔጀር አለ፤ የእድር ጡሩምባ በለው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጮህ ሱሪውን ታጥቆ በራሱ ፒካፕ ወደ ጣቢያው ይበራል። ችግሩ ቁጥራቸው ነው። በ1984 ወደ 900,000 የሚጠጉ ነበሩ። በ2020 ከ700,000 በታች ወረዱ፣ የአገሩ ሕዝብ በ95 ሚሊዮን ገደማ ጨምሮ። ድሮ ሰው የሚሠራው እዚያው ሰፈሩ ነበር። ዛሬ አንድ ሰዓት ነድቶ ከተማ ይሠራል። ቀን በስምንት ሰዓት እሳት ቢነሳ ጡሩምባው ይነፋል፣ የሚሰማው የለም።

ሦስት ሰው ብቻ ቢደርስስ? እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። ወደሚነድ ቤት ሁለት ሰው ሲገባ፣ ልብሱን ለብሶ ዝግጁ የሆነ ሁለት ሰው ውጭ መጠበቅ አለበት። ውስጥ ሰው እንዳለ ካልታወቀ በቀር ሦስት ሰው ሆነው አይገቡም። አራተኛው እስኪመጣ ከውጭ ውሃ ይረጫሉ። ባለቤቱ ግቢው ውስጥ «ለምን አትገቡም!» እያለ ይጮሃል።

ውሃው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ከተማ ውስጥ በየመንገዱ ጥግ ሃይድራንት፣ ማለትም የእሳት አደጋ መኪና ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ፣ አለ። ገጠር የለም። መኪናው 1,000 ጋሎን፣ ማለትም 3,800 ሊትር ገደማ ውሃ ጭኖ ይመጣል። አንድ የእጅ ቱቦ በደቂቃ 150 ጋሎን ያህል ይተፋል። ሁለት ቱቦ ከተከፈተ በሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ታንኩ ባዶ ነው። ስለዚህ ከኋላው የውሃ ቦቴ ይከተላል። መንገዱ ዳር የልጆች መዋኛ የመሰለ ሸራ ገንዳ ይዘረጋል። ቦቴው ውሃውን እዚያ ይገለብጥና ወደ ኩሬው ወይም ቅርብ ወዳለው ሃይድራንት ይሮጣል። መኪናው ከገንዳው እየሳበ ይረጫል። ሁለተኛው ቦቴ ይደርሳል፣ ይገለብጣል፣ ይሮጣል። ሰልፉ አንዴ ከተቋረጠ ቱቦው ይደርቃል። ለዚህ ነው ዲስትሪክቶች እርስ በርስ የመረዳዳት ውል የሚፈርሙት፤ ያንተን ቤት እሳት የሚያጠፋው ቦቴ ከሦስት ዲስትሪክት የተሰባሰበ ሊሆን ይችላል።

ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ሁሉ ሲሰማ የሚያስታውሰው ኡኡታውን ነው። «ኧረ የሰው ያለህ!» ሲባል ማሳውን ጥሎ የማይሮጥ የለም። በ2019 (በእኛ 2011 ዓ.ም.) የሰሜን ተራሮች ሲነድም የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል እየቀነጠሰ ነበር እሳቱን የሚደበድበው። ሰው ሞልቷል። ሄሊኮፕተሩ ግን ከኬንያ፣ ባለሙያዎቹም ከእስራኤል ነው የመጡት። እዚህ አሜሪካ ደግሞ መኪናው ቆሟል፣ የሚነዳው ሰው ነው የሚፈለገው።

ገንዘብም ሰውም ኖሮ የማይበቃበት ጊዜ አለ። በ2020 የሌበር ዴይ ቀን፣ በምሥራቅ ዋሽንግተን ማልደን የምትባለውን 200 ሰው ገደማ የሚኖርባትን መንደር ነፋስ ያጋጋለው የሣር እሳት ጠራረጋት። ከሕንፃዎቿ አብዛኛው ተቃጠለ። ፖስታ ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው ራሱ ሳይቀር።

ወዳጄን ያለዘበው ግን የኢንሹራንሱ ነገር ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የየአካባቢውን እሳት አደጋ ከ1 እስከ 10 የሚሰጥ ደረጃ ያያሉ። 1 ምርጥ ነው፣ 10 ምንም እንደሌለ ይቆጠራል። ስንት ሰው አለ፣ ውሃ ከየት ይመጣል፣ ስልክ የሚያነሳው እንዴት ነው የሚሠራው፣ ሁሉም ይመዘናል። ቤትህ ከጣቢያው በመኪና መንገድ ከ5 ማይል ከራቀ፣ ወይም ሃይድራንት በ1,000 ጫማ ውስጥ ከሌለ፣ ደረጃህ ይወድቃል። ደካማ ደረጃ ሲሆን ኢንሹራንሱ ይንራል፤ አንዳንዱ ኩባንያ ጭራሽ አልሸፍንም ይላል። ወዳጄ ወኪሉን ጠየቀና ሒሳቡን ሠራ። 540 ዶላሩ ያን ያህል አላስቆጣውም ከዚያ በኋላ።

ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለው። «እድር ከሆነ ስብሰባ አለው ማለት ነው» አለ። አለው። ኮሚሽነሮቹ በአብዛኛው ሦስት ወይም አምስት ናቸው፣ ለስድስት ዓመት ይመረጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ተፎካካሪ። በየወሩ በር ከፍተው ይሰበሰባሉ። ማንም አይመጣም። የእድር ስብሰባ የቀረ ይቀጣል፤ እዚህ የመጣ ነው የሚገርማቸው።

ወዳጄ ባለፈው ወር ሄደ። ሦስት ኮሚሽነሮች፣ የእሳት አደጋው አለቃ፣ ጸሐፊዋ፣ የቡና ማሽን፣ እና እሱ። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ሦስት ደቂቃ ሲደርስ ስሙንና አድራሻውን ተናገረ። ስለ ግብሩ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት አለቃው ቀና አለ።

«አሃ! ቁጥሩ ከመንገድ የማይታየው ቤት!»

በዚያው ምሽት ሲመለስ ሱቅ ቆሞ በመኪና መብራት የሚያበራ ቁጥር ገዛ።