ጊዜያዊ የሕክምና ፈቃድ በወረርሽኝ ወቅት፦ የአሜሪካ ልምድ

በአሜሪካ ለሐኪም የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1889 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከዌስት ቨርጂኒያ በመጣ ክርክር ይህን የግዛቶች ሥልጣን አጽንቷል። በዚህም የተነሣ በኒው ጀርሲ ሃያ ዓመት ጽኑ ሕሙማንን ያከመ ሐኪም የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ኒው ዮርክ ሲደርስ፣ የዚያን ግዛት ፈቃድ እስኪያወጣ ድረስ በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይቆጠራል። በደኅናው ቀን ነገሩ የማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ ጣጣ ነው፤ ወረርሽኝ ሲገባ ግን ለዚያ የሚሆን ጊዜ የለም።

ክፍተቱን ለመሙላት ከተበጁት መንገዶች አንዱ ኮንግረሱ በ1996 ያጸደቀው የግዛቶች የአደጋ ጊዜ መረዳጃ ስምምነት ነው። እርዳታ የጠየቀ ግዛት የላኪውን ግዛት ፈቃድ እንደ ራሱ ይቀበላል፤ ለሚደርሰው ጥፋትም የመጣውን ባለሙያ እንደ ራሱ ሠራተኛ ይቆጥረዋል። ስምምነቱ የተጻፈው ግን በመንግሥት በኩል ለሚላኩ ሰዎች ነበር። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ሲመታ በራሳቸው ተነሣሽነት የተጓዙ ሐኪሞችና ነርሶች ተቀባይ አጥተው ተጉላሉ። በማግስቱ ዓመት ለግዛቶች የቀረበው ሞዴል ሕግ የመጣው ከዚህ ነው፤ በጎ ፈቃደኛው አስቀድሞ ይመዘገባል፣ ማስረጃው ይጣራል፣ አደጋ ሲታወጅ ይጠራል።

በመጋቢት 2020 የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ተከታታይ ትእዛዞችን አወጡ። በሌላ ግዛት ያልታገደ ፈቃድ ያለው ሐኪም ያለ ተጨማሪ ወረቀት እንዲሠራ ተፈቀደ፤ የሐኪም ረዳቶችም ያለ ሐኪም ክትትል እንዲያክሙ ተደረገ። በዚያው ሰሞን የፌዴራሉ መንግሥት ሐኪሞች ድንበር ተሻግረው መሥራት እንደሚችሉ ሲያስታውቅ ብዙ ሰው ፈቃዱ ለመላው አገር የተከፈተ መስሎት ነበር። በእርግጥ የተነሣው የመንግሥት የጤና መድን ክፍያ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ በግዛቶች እጅ እንደሆነ ቀረ። ማጣራትም አልቀረም። ሆስፒታሎች እንግዳውን ሐኪም ከመቅጠራቸው በፊት የክስና የቅጣት ታሪኩን በብሔራዊው የመረጃ ቋት ይፈትሻሉ። በእኔ ግምት አዝጋሚው ሥራ ሁልጊዜም ይኸው ነው፤ በጎ ፈቃደኞች በብዛት ተመዝግበው ብዙዎቹ ሳይጠሩ የቀሩትም ፈቃድ ጎድሏቸው አይደለም።

በብሪታንያ ነገሩ ቀላል ሆነ፤ የሐኪሞች መዝገብ አንድ ነውና። ሕጉ እንደሚለው ሚኒስትሩ አደጋ መድረሱን ሲያሳውቅ መዝጋቢው ብቁ ያላቸውን በቡድን ጭምር መመዝገብ ይችላል። በመጋቢት 2020 መጨረሻ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከመዝገብ የወጡ 12 ሺህ ገደማ ሐኪሞች ሳያመለክቱ ፈቃዳቸው ተመለሰላቸው፤ ያልፈለገ መውጣት ይችል ነበር።

የጊዜያዊ ፈቃድ ሌላው ፈተና ማብቂያው ነው። የኒው ዮርክ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሰኔ 2021 ሲያበቃ ትእዛዞቹም አብረው ወደቁ። በተለይ የተቸገሩት በቪዲዮ የሚታከሙ ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚመለከተው ታካሚው ያለበትን ቦታ እንጂ ሐኪሙ የተቀመጠበትን አይደለም። በየግዛቱ ማለዘቢያው ሲነሣ መኪናቸውን ነድተው ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፣ መንገድ ዳር ቆመው ለሐኪማቸው የሚደውሉ ታካሚዎች ነበሩ።

በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ሕግ ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ በአገሩ ሐኪም የነበረ፣ እዚያ ግን አረጋውያንን እየተንከባከበ ለፈተና የሚያጠና ሰው ያውቃል። ፈተናዎቹን ቢያልፍ እንኳ ሬዚደንሲ የሚባለውን፣ ተመራቂ ሐኪም በሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚወስደውን ሥልጠና በአብዛኛው እንደገና መጀመር አለበት። በሚያዝያ 2020 ኒው ጀርሲ በሌላ አገር ፈቃድ ኖሯቸው ሲያክሙ ለቆዩ ሐኪሞች ከግዛቶች ሁሉ ቀድማ ጊዜያዊ ፈቃድ መስጠት ጀመረች። እዚያው አጠገብ የነበሩት ሰዎች የታሰቡት ከሌላ ግዛት የሚመጡት ከተጠሩ በኋላ መሆኑ ያስገርማል። ፈቃዱ ከአዋጁ ጋር የሚያበቃ ነበር። ቴነሲ ግን በ2023 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ ሐኪሞች ያለ አሜሪካ ሬዚደንሲ፣ ሥልጠና በሚሰጥ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ዓመት በጊዜያዊ ፈቃድ ሠርተው ወደ ሙሉ ፈቃድ የሚሸጋገሩበትን መንገድ ከፈተች፤ ለዚህም ወረርሽኝ መታወጅ አያስፈልግም።