«ሰባቱ የጥበብ ምሰሶዎች» ምንድን ነው?

መጽሐፈ ምሳሌን ያነበበ ሰው የዘጠነኛውን ምዕራፍ መክፈቻ ያስታውሰዋል፤ «ጥበብ ቤትዋን ሠራች፥ ሰባቱንም ምሰሶዎችዋን አቆመች።» ርዕሱን ከዚህ ጥቅስ የወሰደው መጽሐፍ ሲገለጥ ግን የሚገኘው የግመል ጉዞ፣ የውሃ ጥም፣ በድማሚት የሚነሣ ሀዲድ፣ የሰው ሞትና የማያባራ ጸጸት ነው። እንግሊዛዊው መኮንን ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ የጻፈው የጦር ሜዳ ማስታወሻ ሲሆን የሚተርከውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዐረቦች በኦቶማን ቱርክ ላይ ስላነሡት አመፅ ነው።

ሰባቱ ምሰሶዎች የትኞቹ እንደሆኑ የሚፈልግ አንባቢ መልሱን ከትረካው ውስጥ አያገኘውም። ሎረንስ ከጦርነቱ በፊት ስለ ሰባት የምሥራቅ ከተሞች የጻፈው ሌላ ረቂቅ ነበረው፤ ካይሮ፣ ደማስቆና መዲና ከሰባቱ ውስጥ ነበሩ። ርዕሱ መጀመሪያ የወጣው ለእነርሱ ነው። ረቂቁን ያልበሰለ ሥራ ነው ብሎ በ1914 አቃጠለው፤ ስሙን ግን አልጣለውም፣ ለዚህኛው መጽሐፍ አወረሰው። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎረንስ ወታደርነትን በሙያ የያዘ ሰው አልነበረም። በ1888 ዌልስ ውስጥ ተወለደ፤ ኦክስፎርድ ታሪክ ተማረ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ መስቀል ጦረኞች ምሽጎች ስለነበር በ1909 ምሽጎቹን በዓይኑ ለማየት ሶርያን በእግሩ ዞረ። ከዚያም እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ድረስ ኤፍራጥስ ዳር ባለችው በጥንታዊቷ በከርከሚሽ ቁፋሮ ላይ ሠራ። ጦርነቱ ሲነሣ ካይሮ በሚገኘው የእንግሊዝ ጦር የመረጃ ክፍል ተመደበ፤ ዐረብኛ የሚያውቅና ካርታ የሚሠራ ሰው ያስፈልግ ነበርና።

በሰኔ 1916 የመካው ሸሪፍ ሑሴን ከአራቱ ልጆቹ፣ ከዐሊ፣ ከዐብደላ፣ ከፋይሰልና ከዘይድ ጋር በቱርክ ላይ ተነሣ። ሎረንስ በጥቅምት ወር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጂዳ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ራቢግ፣ ከራቢግም በግመል ወደ ዋዲ ሰፍራ ተጉዞ ሐምራ ከተባለች መንደር ፋይሰልን አገኘው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በዚያው ሰሞን፣ ከባሕሩ ወዲህ፣ የሰገሌ ጦርነት ተደርጓል፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ከወረዱበት ምክንያት አንዱ ወደ ቱርክ አዘንብለዋል የሚለው ስጋት ነበር፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን መልእክተኞችም ይህንኑ ስጋት አዲስ አበባ ላይ ሲገፉ ከርመዋል። የዐረቡን አመፅና የሰገሌን ጦርነት በሁለት የተለያዩ መደርደሪያዎች ማስቀመጥ ለምደናል፤ የቀይ ባሕርን ሁለት ዳርቻ ያናወጠው ማዕበል ግን አንድ ነበር።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። እኔ እንደማነበው መጽሐፉን ያጻፈው ድሉ ሳይሆን ሐፍረቱ ነው። ካይሮ የነበረው የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሄንሪ ማክማሆን በ1915 እና በ1916 ለሸሪፍ ሑሴን በጻፋቸው ደብዳቤዎች ዐረቦች ቢነሡ ነፃነታቸው እንደሚታወቅላቸው ቃል ገብቷል። ያ የደብዳቤ ልውውጥ ባበቃ በጥቂት ወራት፣ በግንቦት 1916፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ያንኑ ምድር በምስጢር ተከፋፈሉት፤ የሳይክስና ፒኮ ስምምነት የሚባለው ነው። ሎረንስ ይህን እያወቀ ነው የጎሳ አለቆችን «ተነሡ፣ አገራችሁ የራሳችሁ ይሆናል» እያለ ሲያሳምን የኖረው። እንጀራቸውን በልቷል፣ ድንኳናቸው አድሯል፤ የሰጣቸው ቃል ከንቱ ሊሆን እንደሚችልም ያውቅ ነበር። በመጽሐፉ ይህን ማታለል ብሎ በስሙ ይጠራዋል። ድሉ ያለ ዐረቦች እርዳታ በርካሽ እንደማይገኝ ስላመነ፣ ከመሸነፍ ማሸነፍና ቃል ማፍረስ ይሻላል ብሎ እንደገባበትም ይናዘዛል። ይህ ኑዛዜ ያለበት የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1926 እትም እንዲቀር ተደርጓል፤ እንዲቀር የመከረው ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው ነው። ያንን ምዕራፍ ሳያነብ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ራስን መውቀስ ከየት እንደመነጨ ግር ቢለው አይፈረድበትም።

አንድ ክፍል ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ የመጽሐፉ ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛልና። በመጋቢት 1917 ሎረንስ ወደ ዐብደላ ሰፈር ሲጓዝ፣ አብረውት ካሉት ሰዎች ሐመድ የተባለ ሞሮኳዊ ሳሊም የተባለውን ከዐጌሎች (ከመካከለኛው ዐረቢያ ከተመለመሉት ግመለኛ ተዋጊዎች) አንዱን በጠብ ገደለው። የሟች ወገኖች ደም በደም ካልተመለሰ አሉ። ሞሮኳዊን ዐጌሎች ቢገድሉት ሌላው ሞሮኳዊ ደም ሊመልስ ይነሣል፤ ከዚያ ጦሩ እርስ በርሱ ይባላል። በመካከላቸው ዘመድ የሌለው፣ ደመኛ የማይወጣለት ሰው ሎረንስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ገዳዩን ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አስገብቶ በገዛ ሽጉጡ ገደለው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበርና በአንድ ጥይት አልሆነለትም። በማግስቱ ኮርቻ ላይ የወጣው ሰዎች አንሥተውት ነው።

ሰፈሩ ሲደርስ በትኩሳትና በተቅማጥ ወደቀ፤ ድንኳን ውስጥ ተኝቶም አሥር ቀን ያህል አሰበ። በኋላ የሽምቅ ውጊያ ትምህርት ሁሉ የሚጠቅሰው ሐሳብ የተወለደው በዚያ አልጋ ላይ ነው። ሐሳቡን በሒሳብ ይጀምረዋል። አመፁ የተነሣበት ምድር 140,000 ካሬ ማይል ያህል ነው። ቱርኮች ይህን ሁሉ በምሽግ ልያዝ ቢሉ 600,000 ወታደር ያስፈልጋቸዋል፤ ያላቸው ግን 100,000 ነው። እንግዲህ ዐረቦች ለምን ጦር ይገጥማሉ? መደበኛ ጦር እንደ ተክል ሥሩ መሬት ይዞታል፤ አመፀኛው ግን ፊትም ኋላም የሌለው፣ እንደ ጉም የሚንሳፈፍ ነገር መሆን ይችላል። መዲናንም መያዝ አያስፈልግም። ከደማስቆ እስከ መዲና 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የሒጃዝ ባቡር ቀጥ እንዳይል፣ ግን እንዳይጠግብም ማድረግ ይበቃል፤ አንድ ቀን ድልድይ ማፍረስ፣ ሌላ ቀን ሀዲድ ማጣመም። ቱርኮች በመዲና ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ሀዲዱን ሲጠብቁ ይሙቱ። የመዲናው አዛዥ ፋኽሪ ፓሻ በእርግጥም እስከ ጥር 1919 ድረስ፣ ጦርነቱ ካበቃም በኋላ፣ ከተማዋን ይዞ ቆይቷል።

ይህን ሐሳብ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶች ከመጽሐፉ ነቅሰው ለብቻው ያስተምሩታል። እኔ ግን ከሐመድ ሞት ለይቼ ላነበው አልችልም። ያለ ደም የሚገኝ ድልን ያለመው ሰው ከቀናት በፊት በእጁ ሰው የገደለ፣ ትኩሳት የሚያቃዠው ሰው ነው። ሎረንስ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማያያዙን ለአንባቢው ተወው። የሥነ ጽሑፍ ሥራ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ የጦር ሪፖርት ቢሆን ኖሮ የምናገኘው ሒሳቡን ብቻ ነበር።

ይህ የውጊያ ስልት ወደ እኛም አገር በአንድ በኩል ደርሷል። በ1941 አፄ ኃይለ ሥላሴን አጅቦ ከሱዳን ጎጃም የገባው የጌዴዎን ጦር አዛዥ ኦርድ ዊንጌት በጥቂት ሰው ብዙ ጠላት የማስጨነቅን ነገር ያምንበት ነበር። በአንድ ጉዳይ ግን ከሎረንስ መንገድ ተለይቶ ነበር የቆመው። ሕዝብን በወርቅና በጠመንጃ ማነሣሣት መሠረት የለውም፣ አርበኛ የሚነሣው ለሚያምንበት ዓላማ ነው ይል ነበር። በጎጃም አርበኞች መካከል ለነበረ ሰው ይህን ማለት አስቸጋሪ አልነበረም፤ እነርሱ ዊንጌት ከመምጣቱ በፊት አምስት ዓመት ተዋግተዋል።

መጽሐፉን ከሌሎች የጦር ማስታወሻዎች የሚለየው ሌላው ነገር ጸሐፊው በራሱ ላይ የሚመሰክረው ምስክርነት ነው። በግንቦት 1917 ከሆዌይጣት ጎሳ አለቃ ከዐውዳ አቡ ታዪ ጋር ሆኖ ቱርኮች ወደያዙት የቀይ ባሕር ወደብ ወደ ዐቃባ ለመድረስ ሁለት ወር ገደማ በበረሃ ዞረ። ከዐቃባ በፊት በአባ ሊሳን በተደረገው ወሳኝ የግመል ግልቢያ ሎረንስ በሩጫ ላይ ከግመሉ ተወርውሮ ወደቀ። ውጊያው ካለቀ በኋላ ግመሏን ሲመረምር ጥይቱ የገባው ከጭንቅላቷ ጀርባ ሆኖ አገኘው። በገዛ ሽጉጡ መትቷታል። ዐቃባ ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን ተያዘች። ግመሉን ራሱ መምታቱን ሳይጽፈው ቢቀር ማንም አያውቅበትም ነበር።

በ1962 የወጣውን ታዋቂ ፊልም ያዩ ሰዎች በበረሃ ወድቆ የቀረውን ጋሲምን ያስታውሳሉ። በፊልሙ ሎረንስ ተመልሶ ያድነዋል፣ በኋላም ራሱ ይገድለዋል። በመጽሐፉ ጋሲም ይድናል፣ በሎረንስ እጅም አይሞትም። የተገደለው ከላይ የነገርኳችሁ ሐመድ ነው። ፊልሙ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጓቸዋል።

መጽሐፉ የተጻፈበት መንገድም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። የመጀመሪያውን ረቂቅ በ1919 ሪዲንግ ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲቀይር ከነቦርሳው ጠፋበት፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ብዙ የጦርነቱን ማስታወሻዎች ቀድሞ አስወግዶ ስለነበር ሁለተኛውን በአብዛኛው ከትዝታው ጻፈው፤ በሦስት ወር ውስጥ 400,000 ቃላት ያህል። ያንንም በኋላ አቃጠለው። ሦስተኛው ረቂቅ በ1922 በኦክስፎርድ በስምንት ቅጂ ብቻ ታተመ። በ1926 ደግሞ ወደ 250,000 ቃላት አሳጥሮ፣ ሥዕል አሠርቶ፣ በውድ ወረቀት ለ200 ያህል ሰዎች እያንዳንዱን በ30 ጊኒ (የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ መለኪያ) ሸጠው። ያወጣበት ወጪ ከሽያጩ እጅግ ስለበለጠ ዕዳውን ለመክፈል በ1927 አጠር ያለ እትም አወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ለሁሉም ሰው የቀረበው ሎረንስ በግንቦት 1935 በሞተር ሳይክል አደጋ ከሞተ በኋላ ነው። ዝናውን ሸሽቶ ስሙን ቀይሮ በአየር ኃይልና በታንክ ጦር ተራ ወታደር ሆኖ በኖረባቸው ዓመታት የሌሊት ሥራው ይህ ነበር።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚያስደስት አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የዐረብኛ ስሞችን አጻጻፍ ወጥ አድርግ ሲሉት እምቢ አለ። ዐረብኛ ድምፆች በእንግሊዝኛ ፊደል በትክክል አይገቡም፣ አነባበቡም ከአገር አገር ይለያያል አለ። እርማት የሚያየው ሰው የአንዲት ግመል ስም በሁለት ዓይነት ተጽፏል ብሎ ሲጠይቀው የመለሰው ግመሏ ድንቅ እንደነበረች ብቻ ነው። የ«ሀ» እና የ«ሐ» ክርክር የሚያውቅ ሰው ስሜቱ ይገባዋል።

ታዲያ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው? አይደለም፤ እንደ መዝገብ የሚያነበው ሰው ይሳሳታል። በኅዳር 1917 በደርዓ ቱርኮች ይዘው እንዳሠቃዩት የሚተርከው ምዕራፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ደማስቆ የገባው ማን ነው በሚለውም ክርክር አለ፤ ሎረንስ ዐረቦቹን ያስቀድማል፣ በጥቅምት 1 ቀን 1918 ንጋት ከተማዋን አቋርጠው ያለፉት ግን የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ነበሩ። ዮርዳኖሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ሱሌይማን ሙሳ የዐረብ ሰነዶችንና በአመፁ የነበሩ ሰዎችን ቃል ይዞ መጽሐፉን በጽኑ ሞግቶታል። ጦርነቱን የተዋጉት ዐረቦች ናቸው፣ እንግሊዛዊው ድርሻውን አግንኗል ይላል። ሎረንስን የሚያነብ ሰው የሙሳንም ቃል ሊሰማ ይገባዋል፤ የአንድ ሕዝብ አመፅ በአንድ እንግዳ ብዕር ብቻ ሲታወቅ መኖሩ ተገቢ አልነበረም።

እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ያልተጻፈው ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በጥቅምት 1918፣ የእንግሊዝ ጦር የበላይ አዛዥ ጄኔራል አለንቢና ፋይሰል ደማስቆ ሆቴል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገናኛሉ። ሎረንስ በመካከላቸው ሆኖ ያስተረጉማል። አለንቢ ዐረቦችን እንደ ተፋላሚ ወገን የሚያውቅ ቴሌግራም ያሳያል፤ ፋይሰል፣ የሕዝቡ አቀባበል ያወጣው እንባ ዓይኑ ላይ እንዳለ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ ያመሰግናል። ትዕይንቱ የሚያምር ነው። በዚያው ክፍል የነበረው አውስትራሊያዊው ጄኔራል ሃሪ ቾቬል ግን ሌላ ነገር መዝግቧል። በእርሱ ቃል መሠረት አለንቢ ለፋይሰል ሶርያ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር እንደምትሆን ነግሮታል፤ ፋይሰል አልቀበልም ብሏል፤ አለንቢም ወደ ሎረንስ ዞሮ «አልነገርከውም እንዴ?» ብሎ ጠይቆታል፣ ሎረንስም አላውቅም ነበር ብሏል። ከመጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። በመግቢያው ማታለሉን በድፍረት የተናዘዘው ሰው ማታለሉ ፊት ለፊት የተገለጠባትን ሰዓት ዘለላት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 1920፣ የፈረንሳይ ጦር የፋይሰልን ሠራዊት መይሰሉን ላይ ሰብሮ ደማስቆ ገባ፤ ፋይሰልም ከሶርያ ተባረረ። የመጽሐፉ ትረካ እዚያ ድረስ አይሄድም። በመጨረሻው ገጽ ሎረንስ አለንቢን ልሂድ ብሎ ፈቃድ ይለምናል፤ አለንቢ እምቢ ይለዋል፣ ደግሞ ይለምናል፣ ይፈቅድለታል። ፈቃዱን ሲያገኝ ምን ያህል እንዳዘነ ያን ጊዜ ይታወቀዋል።