ኦግመንትድ ሪያሊቲ ምንድን ነው? ሰውን ከመውደቅ ያድናል?

ደሴ ለሚኖር ሰው ስለ መውደቅ ማስረዳት አያሻም። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጎረምሳውንም ያዳልጣል። አያቴ የወደቁት ግን ዳገት ላይ አልነበረም። ጀበና አጥበው ከደጅ ሲመለሱ፣ ዕድሜ ልካቸውን የተሻገሩት የገዛ ቤታቸው ደፍ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «አብሽሩ!» እያለ ተሰበሰበ። አጥንታቸው ተረፈ፤ ጀበናው ግን አልተረፈም።

ሰውነታችን ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮ እና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት ነው። ዕድሜ ሦስቱንም ያዳክማል። ከፀሐይ ወደ ጨለም ያለ ቤት የገባ አዛውንት ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ እግሩ በግምት ነው የሚሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ኦግመንትድ ሪያሊቲ እዚህ ላይ ይገባል። ቃሉ «የተጨመረበት እውነታ» እንደ ማለት ነው፤ በዓይን በሚታየው ዓለም ላይ ኮምፒውተር የሠራውን ምስል የሚደርብ ቴክኖሎጂ ነው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ዓይንን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ውስጥ ይከታል፤ ይኼኛው ግን ቤቱንም ደፉንም እንዳሉ ትቶ ምልክት ብቻ ያክልበታል። ስያሜው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በአሜሪካ የአውሮፕላን ፋብሪካ በቦይንግ ሲሆን፣ ሐሳቡ ሽቦ የሚዘረጉ ሠራተኞች ሥዕላዊ መመሪያውን ከፊታቸው እንዲያዩት ነበር።

መውደቅን ለመከላከል ከሚሞከርባቸው መንገዶች እኔን የማረከኝ የፓርኪንሰን፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ፣ ሕሙማን ጉዳይ ነው። አንዳንዶቹ መራመድ እየፈለጉ እግራቸው ከመሬት የተጣበቀ ያህል ድርቅ ይላል። ወለሉ ላይ በእርምጃ ልክ አግድም መስመሮች ሲሰመሩላቸው ግን ብዙዎቹ መስመሩን ለመሻገር እግራቸውን ያነሣሉ። በኖራ የተሰመረ መስመር ከቤት አይወጣም፤ የኦግመንትድ ሪያሊቲ መነጽር ግን መስመሩን ሰውየው በሄደበት ሁሉ ከፊቱ ይዘረጋለታል። ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ሌላው አጠቃቀም የሚዛን ስፖርትን ቤት ውስጥ ማሠራት ነው፤ ስፖርቱ ራሱ፣ ያለ ምንም መነጽር፣ የአዛውንቶችን መውደቅ በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በበርካታ ጥናቶች ታይቷል።

ይህን የሚያጠና ተመራማሪ ዋና ጭንቀት ታዲያ መሣሪያውን መሥራት ብቻ አይደለም። ዓይን ያየው ምልክት እግርን በእርግጥ ያጸናል ወይ? ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ቀላል ነው፦ ሰውየው ከወንበር ይነሣል፣ 3 ሜትር ይሄዳል፣ ዞሮ ተመልሶ ይቀመጣል። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀበት የመውደቅ ሥጋት አለበት ይባላል። አያቴን በስልኬ ሰዓት ለካኋቸው፤ 17 ሰከንድ። ጊዜውን የበላው መዞሩ ነው፤ ሲዞሩ ግድግዳውን ያዝ አደረጉት። ይሁን እንጂ ሰከንድ ቀነሰ ማለት መውደቅ ቀነሰ ማለት አይደለም። ይህን ለማወቅ መነጽር ያደረጉትንና ያላደረጉትን ለወራት እየተከታተሉ እያንዳንዱን መውደቅ መመዝገብ ያስፈልጋል። ብዙ ጥናት የሚያጥረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መነጽሩ ራሱም ያደናቅፋል። ሆሎሌንስ የተባለው የማይክሮሶፍት መነጽር የመጀመሪያው ሞዴል 579 ግራም ይመዝን ነበር፤ ምስሉ የሚታይበት መስኮትም ጠባብ በመሆኑ ደፉ እግር ሥር ሲደርስ ምልክቱ ከዓይን ሊሰወር ይችላል። ግማሽ ኪሎ በግንባራቸው ተሸክመው ቡና የሚያፈሉ የወሎ እናት ደግሞ አይታዩኝም።

እኔ የደፉን ጠርዝ ወፍራም ነጭ ቀለም ቀባሁት። አያቴ አልወደዱትም። «አሁን እንግዳው ሁሉ እኔን ሰላም ሳይል እሱን እያየ ነው የሚገባው» አሉኝ።