ረጅም ፀጉር ያላት ድመት፦ ስለ ማበጠር የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ድመት ራሷን ትልስ የለ እንዴ? ማበጠሩ ለምን?» ይሄን ደጋግሜ እሰማለሁ። መላሱንስ ትልሳለች። ምላሷ ላይ ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን እሾህ መሰል ነገሮች አሉ፣ እንደ ማበጠሪያ ያገለግሏታል። ግን አጫጭር ናቸው። ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ውስጥ እስከ ቆዳዋ አይዘልቁም። ወደ ኋላ ስለታጠፉም የረገፈውን ፀጉር መትፋት ያቅታትና ትውጠዋለች፤ አብዛኛው በሰገራዋ ይወጣል፣ የቀረው ሆዷ ውስጥ ተድበልብሎ ያስመልሳታል። እኛ አበጥረን ያነሳነው ፀጉር እንግዲህ እሷ ሳትውጠው የቀረ ነው። ያረጀች፣ የወፈረች ወይ መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት ደግሞ ጀርባዋ ድረስ ዞራ መላስ ራሱ ይከብዳታል።

«ላዩ ለስላሳ ከሆነ ተበጥሯል።» እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ለወራት የድመቴን ጀርባ በለስላሳ ብሩሽ ሳበጥር ከርሜ፣ አንድ ቀን የፊት እግሯን ቀና አድርጌ ብብቷን ስዳብስ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ደረቅ ቋጠሮ አገኘሁ። ቋጠሮ የሚጠነክረው ቆዳው አጠገብ ነው፣ ያውም ፀጉር ከፀጉር በሚፋተግበት ቦታ፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ውስጥ፣ ሆዷ ላይ፣ ከጭኗ በስተኋላ። ዝም ካሉት ይሰፋና በተራመደች ቁጥር ቆዳዋን ይጎትታል። ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የማይወጋ የብረት ማበጠሪያ ያዙ። ፀጉሩን በእጃችሁ ከፈል ከፈል እያደረጋችሁ ከሥሩ ጀምሩ። ማበጠሪያው ሳይያዝ ሲያልፍ ያኔ ተበጥሯል። ፐርሺያን የምትባለው የድመት ዝርያ በየቀኑ መበጠር ትፈልጋለች፣ ሜይን ኩን ለሚባለው ዝርያ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

«ቋጠሮውን በመቀስ ቆረጥ ማድረግ ነው።» እባካችሁ፣ ይሄን አታድርጉ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ልልም ነው፤ ቋጠሮውን ሳብ ስታደርጉት ቆዳው አብሮ ይነሳል፣ በፀጉሩ መሀል ደግሞ አይታያችሁም። ሳታስቡት ቆዳዋን ትቆርጡና ለስፌት ሐኪም ቤት ይዛችኋት ትሮጣላችሁ። ይልቅ ከቋጠሮው በታች፣ ቆዳው አጠገብ፣ ፀጉሩን በ2 ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። እንዲህ ስትይዙት ጉተታው ቆዳዋ ላይ አይደርስም። ከዛ ከጫፉ ጀምራችሁ ትንሽ ትንሽ እየፈታችሁ ወደ ሥሩ ሂዱ። ቆዳዋ ላይ የተጣበቀና ሰፊ ከሆነ ግን አትታገሉት፣ የእንስሳት ሐኪም በማሽን ያንሳላት።

«ካጠብናት ቋጠሮው ይላላል።» ተቃራኒው ነው፣ ሲደርቅ ይባስ ይጠብቃል። መጀመሪያ ማበጠር፣ ከዛ ካስፈለገ ማጠብ። የሰው ሻምፑም አይሆናትም፣ ለድመት የተሠራውን ብቻ። ፀጉሯ ላይ የቀረውን ሁሉ ስለምትልሰው ጥሩ ጥሩ እንድትሸት ብላችሁ ዘይት አትቀቧት፤ ለምሳሌ ቲ ትሪ ከሚባል ተክል የሚወጣው ዘይት ለድመት መርዝ ነው።

«ሙቀት ሲሆን መላጨት ይሻላታል።» በደንብ የተበጠረ ፀጉር ከፀሐይ ይከልላታል። ስትላጭ ቆዳዋ ለፀሐይ ቃጠሎ ይጋለጣል።

«እንዳትንቀሳቀስ ማጅራቷን ጨምድዶ መያዝ ነው።» ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በግድ የተያዘች ድመት የምትማረው ማበጠሪያ ስታይ መደበቅን ነው። ራሷ መጥታ ስትተኛ ጀምሩ፣ ከምትወደው ቦታ፣ ከጉንጯና ከአገጯ ሥር። 3 ደቂቃ ይበቃል። ጭራዋን ማወራጨት ከጀመረች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች ወይም የጀርባዋ ቆዳ ንዝር ንዝር ካለ፣ በቃኝ እያለቻችሁ ነውና ተዉአት። የቀረውን ነገ ትጨርሱታላችሁ።

ያ የብብቷ ቋጠሮ 6 ቀን ፈጀብኝ፣ በቀን 3 ደቂቃ። በ6ኛው ቀን ተፈትቶ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና እያንኮራፋች ነበር።