አልማዝ ባለጭራ እና የኤችአይቪ ክትትል በጎጃም

አልማዝ ባለጭራ በአንድ የሰውነት ጎን ብቻ መስመር ሠርቶ የሚወጣ፣ ውሃ የቋጠረና የሚያቃጥል ሽፍታ ነው። በልጅነት ጉድፍ ያስያዘው ቫይረስ ሕመሙ ከዳነ በኋላም በነርቭ ሥር አድፍጦ ይኖራል፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይቀሰቀሳል። በጎጃም የባህል ሐኪሞች በስሙ ለይተው ያውቁታል፤ በቅጠላ ቅጠልም ያክሙታል።

ከኤችአይቪ ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በባንጊ የዓለም ጤና ድርጅት ቤተ ሙከራ ለሌላቸው አገሮች ባወጣው የኤድስ መለያ፣ ተደጋግሞ የሚወጣ አልማዝ ባለጭራ ከንዑሳን ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የሳንፍራንሲስኮ ጥናት ደግሞ ኤችአይቪ ካለባቸው 1,000 ሰዎች በዓመት 29 ያህሉ በአልማዝ ባለጭራ ሲታመሙ፣ ከሌለባቸው 2 ብቻ እንደታመሙ አሳይቷል። በኢትዮጵያም ሽፍታው በዓይን ዙሪያ ከወጣባቸውና ከተመረመሩት ሕሙማን አብዛኞቹ ኤችአይቪ እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተረጋግጧል።

ለጎጃም ጤና ጣቢያዎች ይህ ምልክት የተመቸ ነው። መለየቱ መሣሪያ አይጠይቅም። ሕመምተኛው ልብሱን ሲያወልቅ ሽፍታው ከአከርካሪ ተነሥቶ፣ በብብት ሥር አልፎ፣ ደረት መሐል ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ወደ ሌላው ጎን አይሻገርም። ጠባሳውም ስለሚቆይ፣ ከዓመታት በኋላ የመጣን ሰው «ይህ መቼ ወጣብህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች ርቀው የሚሠሩ ነርሶች ይህን በዓይናቸው ለይተው ሕመምተኛውን ወደ ምርመራ መምራታቸው ትልቅ ሙያ ነው፤ ምስጋናው ግን እምብዛም አይነገርላቸውም።

ለኤችአይቪ ክትትል በመዝገብ የሚቆጠረው የአልማዝ ባለጭራ ሕሙማን ቁጥር ግን በጥንቃቄ ይነበባል። ሽፍታው የሚያመለክተው ዓመታት ያስቆጠረን ሕመም እንጂ ትናንት የተያዘውን አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ኤችአይቪ ሳይኖርበትም ይወጣበታል፤ ስለዚህ ዕድሜ ያልተጻፈበት ቆጠራ እምብዛም አይጠቅምም። ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጠበል የሄደውና ሐሜት ፈርቶ ቤቱ የቀረውም ከቁጥሩ ውጭ ነው። ነፃው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ምልክቱ በመድኃኒት ላይ ባሉ ሰዎች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ስለሚታይ አዲስና ነባር ታካሚን ለይቶ መመዝገብ ግድ ሆኗል።

የአልማዝ ባለጭራ ሕክምና አሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ነው፤ የሚመረጠውም ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመሩ ነው። በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ የወጣ ከሆነ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይላካል።